ለመብሰል እምቢ ያለ ሕዋስ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ካንሰር እንደምንናገር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ፥ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ከእብናት መጥተን ሳይንስ የምንማር ጥቂት ተማሪዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ይህን ጉዳይ ከመጽሐፍ መፈለግ የጀመርነው ለፈተና ብለን አልነበረም።

ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ከእኛ ጋር የተማረ አንድ ልጅ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን በክረምት መውጫ ትኩሳት ያዘው፤ ፊቱ ገረጣ፤ ከዚያም ድዱ ይደማ ጀመር። ማንም ሳይመታው ክንዱና ጭኑ እንደ ተደበደበ ሰው በለዘ። የተወሰደበት ሕክምና ቤት የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤቱ መለሰው። በስምንተኛው ቀን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲወሰድ በመንገድ ላይ ሞተ። የበሽታውን ስም የነገረን ሰው የለም፤ ከዘመዶቹ አንዱ ምች ነው አለ፥ ሌላው ዓይን ነው አለ። እኛም የእርሱ በሽታ ዛሬ ማታ የምንናገርለት ነበር ብለን አንምልም። ይሁን እንጂ የዚህን በሽታ ምልክት ባነበብን ቁጥር የልጁ መልክ በፊታችን ድቅን ይላል።

ወደ ነገሩ እንግባ። በአማርኛችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሳንባ በሽታም ለክፉ እባጭም ሲያገለግል ስለ ኖረ፥ ካንሰር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እባጭ ነው። የደም ካንሰር ግን እባጭ ላይኖረው ይችላል። ደም የሚመረተው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ በዚያ ጮርቃ ሆኖ ይወለዳል፤ ደረጃ በደረጃ ይበስላል፤ ወደ ደም ወጥቶ ከበሽታ ተሕዋስያን ጋር ይዋጋል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ይሞታል። የበሰለው ሕዋስ ከእንግዲህ አይራባም። ሥራውን ሠርቶ መሞት ዕጣው ነው።

በቤተ ክህነት ትምህርት አካባቢ ያደገ ሰው ምሳሌውን ቶሎ ይረዳዋል። ተማሪ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ፥ ከዜማም ወደ ቅኔ ይሻገራል። እንግዲህ ንባብ ቤት የገቡት ሁሉ አንወጣም ቢሉና በየቀኑም አዲስ ቢጨመርባቸው፥ ጎጆው ይሞላል፤ ለሌላው ቦታም እህልም ይጠፋል፤ ደብሩም ቀዳሽ ያጣል። አጣዳፊ የደም ካንሰር ማለት ይኸው ነው። ጮርቃዎቹ መቅኔውን ስለሚሞሉት ቀይ ሕዋስ ያንሳል፥ ሰውየውም ይገረጣል፤ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ያንሳሉ፥ ይደማል፤ የበሰለ ነጭ ሕዋስ ስለማይኖር ትኩሳት አይለቀውም።

የተለመደው ሕክምና እነዚህን ጮርቃዎች በመርዝ መግደል ነው። መርዙም ወዳጅና ጠላት አይለይምና የጠጉሩን ሥር፥ የአንጀቱን ልባስ፥ ጤነኛውንም መቅኔ አብሮ ይፈጃል። ታዲያ ጥቂት ሊቃውንት ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ ይህ ሕዋስ ለመብሰል እምቢ ያለው ችሎታው ጠፍቶ ነው ወይስ መንገዱ ተዘግቶበት ነው? በእስራኤል አገር ሊዮ ሳክስ የሚባለው ሊቅ የአይጥ የሉኪሚያ ሕዋሳት ተገቢው ነገር ቢሰጣቸው ሊበስሉ እንደሚችሉ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ በአሜሪካ ከሰው የተወሰዱ የሉኪሚያ ሕዋሳት በብርጭቆ ውስጥ ሬቲኖይክ አሲድ ተጨምሮባቸው በሰሉ። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ፥ ካልተናገርን በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሬቲኖይክ አሲድ ሰውነታችን ከቪታሚን ኤ የሚያወጣው ነገር ነው።

ከሉኪሚያ ዓይነቶች አንዱ ፕሮማየሎሲቲክ ይባላል። በ1957 የኖርዌዩ ሐኪም ሂለስታድ ሦስት በሽተኞች አይቶ ለይቶ የጻፈው እርሱ ነው፤ ደም እያፈሰሰ በጥቂት ሳምንት የሚገድል ነበር። በሻንጋይ ፕሮፌሰር ዋንግ ዠንዪ ከብርጭቆው ወደ በሽተኛው ለመሻገር ሲያስቡ፥ በውጭ አገር የሚታወቀውን ዓይነት ሬቲኖይክ አሲድ በአገራቸው ማግኘት አልቻሉም። እጃቸው ላይ የነበረው ለቆዳ በሽታ የሚሠራው ሌላው ዓይነት ነበር፤ ለዚህ ሕመም የተሻለው እርሱ ሆኖ ተገኘ። ማጣት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይጠቅማል፤ ሁልጊዜ ግን እንዳልሆነ የእብናት ሰው ያውቃል። በ1985 በሞት አፋፍ ላይ ለነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ መድኃኒቱን በአፍ ሰጧት፤ ዳነችም። በ1988 የሃያ አራት በሽተኞች ታሪክ ታተመ። ሃያ ሦስቱ በዚህ መድኃኒት ብቻ፥ ሃያ አራተኛው ሌላ ተጨምሮለት፥ በሽታው ከደማቸው ጠፋ። በማይክሮስኮፕ ሲታይም ጮርቃዎቹ በጅምላ አልተገደሉም፤ በስለው ነበር። ዋንግ በግኝታቸው ላይ የባለቤትነት መብት አላወጡበትም።

1985 በእኛ አቆጣጠር 1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የእብናት ስም በዓለም ጋዜጦች የተጠራው በረሀብተኞች መጠለያው ነበር። ረሀብ ባለበት ደግሞ ዳፍንት አይጠፋም፤ ዳፍንት የቪታሚን ኤ ማነስ ነው። አንዱ ነገር እዚህ በመጥፋቱ የሕፃን ዓይን ሲያጨልም፥ ከእርሱ የሚወጣው እዚያ ሕዋስ ያበስል ነበር።

እዚህ ላይ ሰው እንዳይሳሳትብን እንለምናለን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየስድስት ወሩ ለሕፃናት የሚያጠቡት የቪታሚን ኤ ፈሳሽ የካንሰር መድኃኒት አይደለም። ከልክ በላይ ቢወሰድ ጉበት ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም ለጽንሷ አደገኛ ነው።

የሻንጋዩ ደስታ ሙሉ አልነበረም። አንደኛ፥ በዚህ መድኃኒት ብቻ ከዳኑት ብዙዎቹ አገረሸባቸው። ሁለተኛ፥ ሕዋሳቱ በአንድ ጊዜ ሲበስሉ አንዳንዱን በሽተኛ ትንፋሽ ያሳጥሩታል፥ ሰውነቱን ያሳብጡታል፤ ቶሎ ካልተደረሰለት ይገድላል። ደግነቱ ለዚህ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ርካሽ መድኃኒት ነው።

ለመጀመሪያው ችግር መልሱ የመጣው ካልታሰበበት ነው። በሰሜን ቻይና በሃርቢን ከተማ ዛንግ ቲንግዶንግና ባልደረቦቻቸው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከባህል መድኃኒት ተነሥተው አርሴኒክን በመርፌ ይሰጡ ነበር። አርሴኒክ የታወቀ መርዝ ነው። ከዚያም በ1990 የበሽታው ሥር ተገለጠ፤ ከ15ኛውና ከ17ኛው ክሮሞሶም ቁራጮች ቦታ ተለዋውጠው፥ ሁለት ጂኖች ተጋጥመው አንድ እንግዳ ፕሮቲን ይሠራሉ። መንገዱን የዘጋው ይህ ፕሮቲን ነው። ሬቲኖይክ አሲድ በአንድ ወገኑ፥ አርሴኒክ በሌላው ወገኑ ይዘው ያፈርሱታል። በ2013 የጣሊያኑ ሎ ኮኮና ባልደረቦቻቸው በሽታው እጅግ ባልከፋባቸው ሰዎች ላይ ሁለቱን መድኃኒቶች አጣምረው ሞከሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከመቶ 97 ያህሉ በሽታው ሳያገረሽባቸው በሕይወት ነበሩ። በተለመደው መርዝና በሬቲኖይክ አሲድ የታከሙት 86 ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ሊቃውንቱ መብሰል ብቻውን ፈውስ አይደለም፥ ፕሮቲኑም መፍረስ አለበት ይላሉ። እኛም በዚህ እንስማማለን፤ ውብ ምሳሌ ከእውነቱ እንዳይበልጥብን መጠንቀቅ ይገባልና።

ይህ መንገድ ለሌላው ካንሰር ሁሉ አልተከፈተም። በሕፃናት ላይ የሚነሣው ኒውሮብላስቶማ ከከባድ ሕክምና በኋላ በሬቲኖይክ አሲድ ይረዳል፤ በ2017ና በ2018 ደግሞ ለአንዳንድ ሌሎች የሉኪሚያ ዓይነቶች አብሳይ እንክብሎች በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ለጡትና ለማኅፀን ጫፍ ካንሰር ግን፥ እናቶቻችንን ለሚገድሉት፥ እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር የለም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። «ይህ ሁሉ ለሻንጋይና ለሮማ ነው፤ ለእብናት ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሌላ ዓይነት የደም ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ግሊቬክ የሚባለውን እንክብል በነፃ ሲያገኙ ብዙ ዓመት ሆኗል። ግሊቬክ ሕዋስ አያበስልም፤ ሥራው ሌላ ነው። ነገር ግን የደም ካንሰር በእንክብል በአገራችን ሊታከም እንደሚችል ምስክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ሬቲኖይክ አሲድ በ2015፥ አርሴኒኩን በ2019 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቷል።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ችግር ቀን ነው። ከዚህ በሽታ የሚሞቱት ብዙዎቹ የሚሞቱት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመድማት ነው። ስለዚህ የሕክምናው ደንብ የክሮሞሶሙ ምርመራ እስኪመጣ አትጠብቁ፥ እንደ ጠረጠራችሁ ሬቲኖይክ አሲዱን ጀምሩ ይላል። ለመጠርጠር የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ ማይክሮስኮፕ፥ አንድ ጠብታ ደምና የሚያውቅ ዓይን ነው። ማይክሮስኮፑ አለ፤ በጤና ጣቢያዎቻችን በየቀኑ ወባ ይታይበታል። በዚያው ብርጭቆ ላይ፥ በዚያው ጊምሳ በሚባለው ቀለም፥ ጮርቃው ሕዋስም ይታያል። በሆዱ ውስጥ ቀጫጭን ዘንጎች ተደርድረው እንደ ደመራ ችቦ ታስረው ይገኛሉ። ችቦ የማያውቅ የላቦራቶሪ ሠራተኛ በአገራችን የለም።

ወባ ብቻ መፈለግ ምን እንደሚያደርስ ጎረቤታችን ሊቦ ከምከም ታውቃለች። በ2005 ካላዛር በተነሣባት ጊዜ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች መጥተው መርምረው እስኪለዩት ድረስ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ በአዲስ ዘመን ሕክምናው ተቋቋመ፥ የሐኪሙም ዓይን ተከፈተ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደየአውራጃቸው ሲሄዱ ይህን ሥዕል ይዘው ይሂዱ። መምህራኖቻችንም በየዞኑ ትልቅ ሆስፒታል ለአንድ በሽተኛ የመጀመሪያ ሳምንት የሚበቃ ሬቲኖይክ አሲድ በመሳቢያ እንዲቀመጥ፥ ከደም ባንክም ጋር ስምምነት እንዲደረግ ለሚመለከተው ይጻፉ፤ ደብዳቤውን እኛ እናረቃለን።

ባለፈው ክረምት እኛ ችቦ የያዘውን ሕዋስ በእርሳስ ስለን ለአንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ አሳይተነው ነበር። (ሥዕሉን በዚህ ጋዜጣ ለማውጣት ጠይቀን፥ አዘጋጁ ስቴንስሉ አይችለውም ብሎናል።) ሰውየው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተው። «ይህን አይቼው ይሆናል፤ ፈልገው ያለኝ ሰው ግን አልነበረም» አለን። ከዚያም ፕላስተር ቆርጦ ከወባው ሥዕል አጠገብ ለጠፈው።