የሆስፒታላችን ስምና የቦናያ ሜዳ
(በልደታ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ፣ በተመራቂዎች መገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)



በዚህ ግቢ ስንት ሌሊት ተረኛ ሆነን አድረናል! “ጥቁር አንበሳ” እያልን በየቀኑ ስንጠራው ግን ስሙን ከማን ጋር እንደሚጋራ ብዙም አናስብም። ዛሬ ስለዚያ ስም፣ ስለ ተቃጠሉ አውሮፕላኖችም ላውራችሁ።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ፣ ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። ጄኔራል ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ ሎካቴሊ ነበሩበት። የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሌሊቱን አጠቋቸው፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። ከመጡት መካከል የተረፉት ቄሱ አባ ቦሬሎ ብቻ ናቸው። ከአርበኞቹ ብዙዎቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች ነበሩ። የማኅበሩ መሪ ደግሞ የሙያ ዘመዳችን ናቸው፤ እንግሊዝ አገር የተማሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ።

ሎካቴሊ በአገሩ መንገድ ተሰይሞለታል። ከእኛዎቹ ልጆች ግን በርካቶቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ተረሽነዋል፤ የስንቶቹን ስም እናውቃለን?

እንዲህ ያለ ቦታ በወግ ከተቆፈረ ይናገራል። የካፕሮኒ አውሮፕላን አካሉ የብረት ቱቦ ነው፤ ሸራው ቢነድም ብረቱ ይቀራል። የጥይት ቀለህ የወደቀበት ቦታ ተኳሹ የት እንደቆመ ያሳያል። አሲዳማ አፈር አጥንትን ቢበላም ጥርስ ይቆያል። ብረቱ ተለቅሞ ለቆራሌው ከተሸጠ ግን ምስክርነቱ አበቃ።

ቁፋሮ እንደ ቀዶ ሕክምና ነው፤ አንዴ የተከፈተ እንደነበረ አይመለስም። እንግሊዞች በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የወደቀ የጦር አውሮፕላን ያለ ፈቃድ እንዳይቆፈር ከልክለዋል። የእኛም አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ቁፋሮ በፈቃድ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ አካፋ ይዘን እንሂድ አልልም።

እኛ ሐኪሞች ቢላ ከማንሳታችን በፊት ታሪክ እንጠይቃለን አይደል? እዚህም ከዚያ እንጀምር። ወለጋ ዘመድ ያላችሁ፣ እናትና አባቶች የሰሙትን በዚህ ክረምት ቅዱልን፤ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት። ቅጂው ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይቀመጥ። የአርኪዮሎጂና የታሪክ መምህራኖቻችን ቦታውን በካርታ ቢያነሱልን፣ አጥንትና ጥርስ ከተገኘ የማንበቡ ሥራ የእኛ ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከምሳ በኋላ እኔ ጋ ተመዝገቡ።