ሚራስና አልጀብራ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

አንድ ሰው ሲሞት በመጀመሪያ የቀብር ወጪው፣ ከዚያ ዕዳው፣ ቀጥሎም ከሲሶ ያልበለጠ ኑዛዜው ከንብረቱ ላይ ይነሳል። የተረፈውን ማን ምን ያህል እንደሚወርስ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ን-ኒሳእ ደንግጎታል። ሆኖም በየቤቱ «ሒሳቡ ከባድ ነው» እየተባለ ክፍፍሉ ለዓመታት ይዘገያል። በዚህ መሐል የሚጎዱት እናቶቻችን፣ እህቶቻችንና የቲሞች ናቸው።

ሒሳቡ ግን መፍትሔ ካገኘ ቆይቷል። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (ከ813 እስከ 833 እ.ኤ.አ) በባግዳድ ይሠራ የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስለ «አል-ጀብር ወል-ሙቃበላ» መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ አልጀብራ የምንለው ስያሜ የመጣው ከዚሁ ነው። የመጽሐፉም ሰፊ ክፍል ስለ ኑዛዜና ውርስ ነው። በዐረብኛ «ከስር» ስብራትም ክፍልፋይም ማለት ሲሆን፣ «ጀብር» ደግሞ የተሰበረን መጠገን ነው። ያልታወቀውን ቁጥር «ሸይእ» ማለትም «ነገር» ይሉታል።

ምሳሌ እንውሰድ። ወላጆቹ ቀድመው የሞቱበት ሰው ሚስቱን፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆቹን ትቶ ሞተ። ዕዳውና ኑዛዜው ተነስቶ 320,000 ብር ተረፈ። ልጆች ስላሉት የሚስቱ ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው፤ 40,000 ብር። ቀሪው 280,000 ብር የልጆቹ ሲሆን ወንዱ የሁለት ሴቶችን ድርሻ ያገኛል። የአንዷን ሴት ልጅ ድርሻ «ነገር» እንበለው። የሁለቱ ሴቶች ሁለት ነገር፣ የወንዱም ሁለት ነገር፣ በድምሩ አራት ነገር ይሆናል። አራት ነገር 280,000 ከሆነ አንዱ ነገር 70,000 ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ሴት 70,000፣ ለወንዱ 140,000 ብር ይደርሳል። የሁሉም ድርሻ ሲደመር 320,000 ይመጣል።

አሁን ጥያቄውን እንገልብጠው። ለዚህችው ሴት «ስምንተኛሽ ይኸው» ተብሎ 15,000 ብር ተሰጣት እንበል። ጠቅላላ ንብረቱን «ነገር» ካልነው የነገሩ ስምንተኛ 15,000 ነው። በ8 ስናባዛው 120,000 ብር ይሆናል። ታዲያ 200,000ው ብር የት ገባ? ያልተቆጠረው ሱቁ ነው ወይስ ቤቱ?

ወንድሞችና እህቶች! ማን ወራሽ እንደሆነና ድርሻው ስንት እንደሆነ ዓሊም ወይም የሸሪዓ ፍርድ ቤት ይጠየቅ። ስሌቱን ግን ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆቻችን በወረቀት ሠርተው በቤተሰቡ ፊት ያንብቡት። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ ሰው እሳትን እንደሚበላ ቁርኣን አስጠንቅቆናል። «ሒሳብ አላውቅም» ማለት ከዚህ አያድንም።

አላህ (ሱ.ወ) ሐቅን ለባለሐቁ ከሚያደርሱት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።