የነቃ ከሰልና የቤታችን ምድጃ
(በሰፈራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ቢሾፍቱ)



ከእፅዋት ተረፈ ምርት የሚሠራ ከሰል ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ማለትም የተቃጠለውን አየር፣ ይይዛል ሲባል ሰምታችኋል። ነገሩ እውነት ነው። ግን «እንግዲያው አንድ ጆንያ ከሰል ቤት ብናስቀምጥ የምድጃውን ጋዝ ይስብልናል» የሚል ሐሳብ ስለተነሣ፣ ሥራውን ከነልኩ ልናስረዳ ወደድን።

ይሄ ከሰል አክቲቬትድ ካርቦን ይባላል፤ እኛ የነቃ ከሰል እንበለው። የቡና ገለፈት፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ሰጋቱራ አየር በማይገባበት እቶን ይከስላል። እስከዚህ ከገበያው ከሰል ብዙም አይለይም። ከዚያ ከ800 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት የውሃ እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ ከሰሉን እየበላ ዓይን የማያያቸው እልፍ ቀዳዳዎች ይከፍትበታል። የ1 ግራሙ የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ 7 ግራም የኳስ ሜዳ ያህላል ማለት ነው። ጋዙ እዚያ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ከሰሉ ሲሞቅ ይለቃል። የተለቀቀውን ተቀብሎ የሚያከማች ከሌለ እንግዲህ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ታዲያ ምን ያህል ይይዛል? 1 ኪሎ የነቃ ከሰል በንጹሕ ጋዝ ውስጥ እንኳ ከ100 እስከ 150 ግራም ቢይዝ ነው። 1 ኪሎ የምድጃ ከሰል ሲነድ ደግሞ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ጋዝ ያወጣል። የአንዱን ኪሎ ለመያዝ 20 ኪሎ ግድም ሊያስፈልገን ነው! ስለዚህ ቦታው ጋዝ በብዛት የሚወጣበት የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ነው። ጥሬ ዕቃውም ቢሆን የሚጣል መሆን አለበት። የአድአ የጤፍ ጭድ የከብት ቀለብ ነው፤ የወንጂ የሸንኮራ ገለባም ፋብሪካው ውስጥ እየነደደ እንፋሎት ያመነጫል።

ዋናው ነገር ግን ይኸው ነው። በዝግ ቤት ሰው የሚገድለው የከሰል ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1918 የአሜሪካ ሕዝብ ለወታደሮች የጋዝ ጭንብል የኮክ ፍሬ እየለቀመ ነበር፤ የሚከስለው ለዚሁ ሥራ ነው። ያ ጭንብል ብዙ መርዝ ሲያግድ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያግድም ነበር። የነቃው ከሰል ያልያዘውን የጆንያ ከሰል ከየት አምጥቶ ይይዘዋል?

ስለዚህ በክረምቱ ብርድ፦
ምድጃ ሲነድ በርና መስኮት ይከፈት። ፍሙ ቢቀላም ጋዙ አይቀርም።
ከመተኛት በፊት ምድጃው ከቤት ይውጣ።
ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ወዲያው ደጅ ይውጣ። የወደቀ ካለ ወደ ንጹሕ አየር አውጥታችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ይህን ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችን እንንገራቸው።