ሣቅና ሹመት፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ከመድረክ እስከ ጨርጨር



ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ጭሮ የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ ናት። ነጋዴው ቡናዋንና ጫቷን፣ መንገደኛው ዳገቷን ያነሣላታል። የቴአትር ሰው ግን ሌላ የሚያነሣው ጉዳይ አለው፤ ይኸውም ከተማዋን የቆረቆሩትና የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት አንድ ሰው መሆናቸው ነው። እኒህም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

በ1876 ዓ.ም. በሸዋ የተወለዱት ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ሐረር፣ ከራስ መኰንን ዘንድ አደጉ። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቴአትር ተብሎ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ አገኙት። ቴአትር ምን እንደ ሆነ ለማሳየትም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ።

ተውኔቱ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ ቀረበ። መነሻው የላ ፎንቴን ተረቶች ነበሩና የሚናገሩት አውሬዎች፣ የሚወቀሰው ግን የሹማምንት በደል ነበር። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰሚ ወርቁን የሚያሳየው ሰው አላስፈለገውም። ቤተ መንግሥቱም አገኘው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ፣ ቅጂዎቹም ተሰበሰቡ። ዮፍታሔ ንጉሤና መልአኩ በጎሰው የተውኔትን ጥበብ እስኪያነሡት ድረስ ዓመታት አለፉ።

የሚያስቅ ሰው መቀጣቱ በሌላም አገር ታይቷል። በአሜሪካ ፊልም ገናና የሆነው ቻርሊ ቻፕሊን በ1940 እ.ኤ.አ. «ታላቁ አምባገነን» በተባለው ሥራው ሂትለርን መሣቂያ አደረገ። በ1952 እ.ኤ.አ. ግን በፖለቲካ አቋሙ ተጠርጥሮ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘ፤ እስከ 1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካን አልረገጠም። ሆኖም ቻፕሊን ሲባረር ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራበት ሙያ ከኋላው ነበረ። የኢትዮጵያ ኮሜዲ ግን የተገታው ገና በመጀመሪያው እርምጃ ነው። ኮሜዲ ሙያ የሚሆነው ዛሬ ያሳቀ ሰው ነገም ለማሳቅ ሲመለስ ነውና፣ እገዳው የወሰደው አንድን ድርሰት ብቻ ሳይሆን ሊከተሉ ይችሉ የነበሩ ተዋንያንንም ነው።

ሹምን የሚነቅፍ ሁሉ «አንተስ ብትሾም?» መባሉ አይቀርም። ተክለ ሐዋርያት ይህን ጥያቄ በሥራ መለሱት። ጨርጨርን እንዲያስተዳድሩ ተሾመው አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፤ አውራጃውም የዘመናዊ አስተዳደር አርአያ እንዲሆን ታሰበ። በመድረክ የነቀፉትን ዘፈቀደ በደንብ ለመተካት ሞከሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። የገንዘብ ሚኒስትርም ሆኑ፤ ፋሺስት ኢጣልያ ስትወርም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የአገራቸውን አቤቱታ አሰሙ። ከስደት ከተመለሱ በኋላ ያረፉበት ዚያው ጨርጨር፣ ሒርና ላይ በእርሻ ሥራ ነበር። በ1969 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ ለሙያው ሰው የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው፤ የሚያስቅ ሰው አፍራሽ አይደለም። «ፋቡላ»ን የጻፈች እጅ ከተማ ቆርቁራለች፣ ሕግም አርቅቃለች። በጭሮ፣ በሒርና፣ በበደሳም ሆነ በገለምሶ ያለ መምህር ለተማሪዎቹ ተውኔት ማሳየት ቢሻ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የአገራችን የመድረክ ሣቅ አባት የደከሙበት ምድር ላይ ቆሟልና፣ አውሬዎቹን ዳግም ያናግራቸው።