«ምንም» ለሚሉን ልጆች



አሥረኛ ክፍል እያለሁ ከሰፈር ቪዲዮ ቤት በተከራየነው ካሴት «ዴድ ፖየትስ ሶሳይቲ»ን አየሁ። ፒተር ዊር ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ፊልም ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መምህሩን የሠራውን ሮቢን ዊሊያምስን ነው። እኔ ያለቀስኩት ለተማሪው ለኒል ነበር። ኒል ተዋናይ መሆን ይፈልጋል፤ አባቱ ግን ሐርቫርድ ገብቶ ሐኪም እንዲሆን ወስኗል። እኔም ማትሪክ ሳልፈተን ነው ቤት ውስጥ «ዶክተሬ» መባል የጀመርኩት።

ያኔ አባትየውን ጠላሁት። ዛሬ የሚያስፈራኝ ሌላ ቦታ ነው። በመጨረሻዋ ምሽት የሚሰማህን ተናገር ብሎ ይቆጣዋል። ኒል «ምንም» ይላል። አባትየውም ወደ መኝታው ይሄዳል። ልጁ በዚያው ሌሊት ራሱን አጠፋ።

አንድ ጠዋት ዋርድ ውስጥ የአንዲት ኢንተርን ዓይን ቀልቶ አየሁና «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ምንም።» «በይ ራውንድ እንጀምር» ብዬ አለፍኩ። በሳምንቱ ትምህርቷን ጥላ ሄደች። በሽተኛ «ምንም አላመመኝም» ቢለኝ ሆዱን ሳልነካ አልሸኘውም፤ እሷን ግን በአንድ ቃል ሸኘኋት።

እኔ ሙያዬን እወደዋለሁ። ቤተሰቤ ቢመርጥልኝም ውሎ አድሮ የራሴ ሆኗል። ሁሉም ግን እንደ እኔ አይቀናውም። እባካችሁ፣ ተማሪያችሁ «ምንም» ሲላችሁ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ ደግማችሁ ጠይቁት። ራውንዱ አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ምንም አይደል።