በሥራ ቦታ ስለ እኩልነት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በአገራችን የቆየ ልማድ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ!» ቢል የተነሣው ዱላ ይመለስ ነበር። ነገር ግን በዱላ ሳይሆን በብዕር የሚፈጸም በደል አለ፤ ይኸውም ሠራተኛን በችሎታው ሳይሆን በትውልዱ፣ በፆታው፣ በሃይማኖቱ ወይም በአካል ጉዳቱ መዝኖ ከሥራና ከዕድገት ማስቀረት ነው። ይህን በደል አላፊ አግዳሚ አያየውም።

ሕጉስ ምን ይላል? በሥራ ላይ አድልዎን የሚከለክለውን፣ በ1950 ዓ.ም. የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 111 ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. አጽድቃለች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሴቶች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ማዳላትን ይከለክላል።

ማለዳ ከለቡ መብራት ኃይል በአንድ ታክሲ ከሚሳፈሩ ሁለት ጎረቤቶች አንዱ የግል ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሁለተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው በዚህ አዋጅ፣ ሁለተኛው ስለ መንግሥት ሠራተኞች በወጣው ሕግ ይተዳደራሉ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ግን ለሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ይሠራል።

በዚህ አዋጅ ውስጥ እጅግ ልብ ሊባል የሚገባው የማስረዳት ሸክም ነው። በተለመደው የፍርድ ሥርዓት የከሰሰ ያስረዳል። ነገር ግን ተበዳዩ ከየት አምጥቶ ያስረዳ? ቃለ ጉባኤውም፣ የፈተናው ውጤትም፣ የግል ማኅደሩም ያለው በአሠሪው እጅ ነው። ስለዚህ አካል ጉዳተኛው በቅጥር፣ በዕድገት ወይም በዝውውር አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ሲከስ፣ አለማዳላቱን የሚያስረዳው አሠሪው እንዲሆን አዋጁ አዝዟል።

እንግዲህ በየጽሕፈት ቤቱ ብዕር የያዛችሁ ወገኖች ሆይ፤ ሕጉ ለአካል ጉዳተኛው ያደረገውን እናንተ በፈቃዳችሁ ለማንኛውም አመልካች ብታደርጉት ምን ይጎድልባችኋል? ማመልከቻውን ስትመልሱ ምክንያቱን ጽፋችሁ መልሱ። በወረቀት ላይ ለማስፈር የሚያሳፍር ምክንያት በልብም ሊያድር አይገባውም። የተከለከለውም ሠራተኛ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው በትሕትና፣ ግን ሳይፈራ ይጠይቅ። በተዘጋ ቢሮ ውስጥ «በሕግ አምላክ» የሚባለው እንዲህ ነው።