የደኑ የሩጫ መንገድና የመምህሩ አደራ

ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስለ ሰውነት ማጐልመሻ ትምህርት ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ ግን በውስጡ ካሉት ነገሮች አንዲቱን ብቻ መርጬ፥ ይኸውም በደን ውስጥ የምታልፈውን የሩጫ መንገድ፥ በፊታችሁ ላቀርብ ወደድሁ። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። መንገድ ማለት የእግር ዱካ ነው፤ ዱካም ሰው በረገጠበት ሁሉ ይገኛል ይል ይሆናል። እኔ ላስረዳ የምፈልገው ግን፥ በትምህርት ቤት አጠገብ ያለች የደን መንገድ እንደ ጥቁር ሰሌዳና እንደ መጽሐፍ የትምህርት ቤቱ ሀብት መሆንዋን፥ ጠባቂዋም መምህሩ መሆኑን ነው።

አስቀድመን ሁላችን የምናውቀውን ቦታ እንመልከት። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዛሬ ብዙውን ክፍል የሚያለብሰው ባሕር ዛፍ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአካባቢው ጽድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቈረጠ በመመናመኑ፥ መናገሻይቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በቶሎ የሚያድግ፥ ቢቈርጡትም ከጉቶው መልሶ የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ ከተማይቱን በነበረችበት እንድትጸና ረዳት። እንግዲህ ለማገዶ ተብሎ የተተከለው ዛፍ ከብዙ ዘመን በኋላ ተካዮቹ ላላሰቡት አገልግሎት ዋለ፤ ጥላው የሯጮች መሠልጠኛ ሆነ።

ማለዳ ወደዚያ የወጣ ሰው፥ ሯጮች በአንድ ረድፍ ሆነው፥ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፥ በዛፎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲጠማዘዙ ያያል። ቀጥ ያለ መንገድ ሳለ ስለ ምን ይጠማዘዛሉ? አንደኛ፥ ቅጠል የለበሰው አፈር ለስላሳ ስለ ሆነ እንደ አስፋልት ጕልበትንና ቍርጭምጭሚትን አይጐዳም። ሁለተኛ፥ ዳገቱን በአግድም እየቈረጡ ሲወጡት ትንፋሽ ሳይቋረጥ ብዙ ርቀት ለመሄድ ይቻላል። ሦስተኛ፥ ሥሩና ድንጋዩ በየርምጃው ስለሚለዋወጥ ዓይንና እግር ተባብረው መሥራትን ይማራሉ። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በደጋ የሚኖርና የሚሠለጥን ሰው ደሙ ያለውን ጥቂት ኦክሲጅን አጥብቆ መሸከምን ይለምዳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከፊት የሚሄደው ጉቶ ወይም ጕድጓድ ሲያገኝ ለኋለኛው ያመለክታል፤ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ይህን ሥነ ሥርዓት በክፍል ውስጥ በቃል ብናስተምረው ስንት ሰዓት ይፈጅብን ይሆን?

ከእንጦጦ ወደ አርሲ እንሻገር። በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች፥ ዙሪያዋን እርሻና ባሕር ዛፍ የከበባት ትንሽ ከተማ ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ሩጫ አሸንፋ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ጥቁር አፍሪቃዊት ሴት የሆነችው ደራርቱ ቱሉ ከዚያ አካባቢ ናት። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ እያንዳንዳቸው የ5,000ና የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ጠቅልለው የወሰዱት ጥሩነሽ ዲባባና ቀነኒሳ በቀለም የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። እነዚህን ስሞች የማያውቅ የለም። ለእኛ ለመምህራን ግን ከስሞቹ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው፥ ገና በልጅነታቸው ያሠለጠናቸው ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጐልመሻ መምህር የነበረ መሆኑ ነው። መነሻው እኛ ከያዝነው ወንበር የተለየ አልነበረም። በእጁ የነበረውም ጥቂት ነው፤ ልጆች፥ ሜዳና የዛፍ ጥላ።

ይህን የተናገርሁት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የኦሊምፒክ አሸናፊ ያውጣ ለማለት አይደለም። ሜዳልያ የጥቂቶች ዕድል ነው፤ ጤናማ ሳንባ፥ ትዕግሥትና ራስን መግዛት ግን የሁሉም ድርሻ ነው። የኔ ሥጋት ሌላ ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጐልመሻ ትምህርት በጠመኔ የሚጻፍና በደብተር የሚገለበጥ ሆኗል። የሩጫን ጥቅም በሰባት ነጥብ ዘርዝሮ ጽፎ ከመቶ ዘጠና የሚያገኝ፥ ነገር ግን አንድ ኪሎ ሜትር ሳያርፍ መሮጥ የማይችል ልጅ እናገኛለን። ምክንያቱን ስንጠይቅ ሜዳ የለንም እንባላለን። ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ ጥቂት ብንራመድ የባሕር ዛፍ ተክል፥ የወንዝ ዳር ዛፍ ወይም የእርሻ ድንበር ላይ ያለች ቀጭን መንገድ በብዙ ቦታ ትገኛለች።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? አስቀድሞ መንገዱን ብቻውን በእግሩ ይሂድበት። ጉቶ፥ እሾኽና የተሰበረ ጠርሙስ ያለበትን ይወቅ፤ ከተማሪዎቹም ጋር ያጽዳ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሁላችን በኵራት እናነሣለን፤ ይሁን እንጂ ጫማ የሌለውን ልጅ በጉቶ ላይ ለማስሮጥ ይህ ምክንያት ሊሆነን አይገባም። ቀጥሎ ተማሪዎቹ 50 ሜትር ገመድ ይዘው መንገዱን ይለኩ፤ ሃያ ጊዜ ሲዘረጋ አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ የሒሳብ ትምህርት ነው። ከሩጫ በፊትና በኋላ የልብ ትርታቸውን ለ15 ሰኮንድ ቈጥረው በአራት ያባዙ፤ ይህ የሳይንስ ትምህርት ነው። በመንገዱ ዳር ያለውን ዛፍ በስሙ ይወቁ፤ ባሕር ዛፍ ውኃ አጥብቆ እንደሚስብ፥ በሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ እንደማይበቅል ተመልክተው፥ ክፍት በሆነው ስፍራ ጽድ፥ ወይራና ኮሶ ይትከሉ። ይህም የእርሻ ትምህርት ነው። በክረምት ጥቁሩ አፈር ሲጨቀይ ወደ ቀዩ አፈር ዞር ይበሉ፤ ጎሕ ሳይቀድ ግን ማንም ወደ ደን አይግባ፤ የጅብ ሰዓት ነውና።

ስለ ሴቶች ልጆች ለይቼ አንድ ነገር ልናገር። ወላጅ ልጁን ወደ ደን ለመላክ ቢፈራ ይፈረድለታል እንጂ አይፈረድበትም። መልሱ ሴቶቹን ከሩጫው መከልከል ሳይሆን፥ በቡድን እንዲሮጡ ማድረግ፥ መምህርት ወይም መምህር አብሮ መሄድ፥ ሰዓቱንና መንገዱን ለወላጆች አስቀድሞ ማስታወቅ ነው። የደራርቱንና የጥሩነሽን ስም እየጠራን ሴት ልጅን በክፍል ውስጥ ብናስቀር የምናስተምረውን ራሳችን ማፍረሳችን ነው።

ደግሞም ደኑ የሯጭ ብቻ አይደለም። በእንጦጦ ቍልቍለት የማገዶ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ጐንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ልጁ እነርሱን ሲያይ ከመንገድ ወጥቶ እንዲያሳልፍ መማር አለበት። ለባለ ሸክም መንገድ የማይለቅ ሯጭ እግሩ ቢፈጥን ትምህርቱ አልገባውም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከተሞቻችን እየሰፉ ነው። የሕዝብ ቍጥር ሲጨምር ቤት መሠራቱ፥ ጐዳና መዘርጋቱ የግድ ነው፤ ይህን የሚቃወም አስተዋይ የለም። በእንጦጦ ከተራራው ከፊሉ በ2013 ዓ.ም. የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፍቷል። በብዙ ትምህርት ቤቶች አጠገብ ያሉት ትንንሾቹ መንገዶች ግን ስምም ጠያቂም የላቸውም። የሚጠፉት ሰው ስለ ጠላቸው አይደለም፤ የቈጠራቸው ስለሌለ ነው። በትምህርት ቤታችን የንብረት መዝገብ ወንበሩ፥ ጠረጴዛው፥ እስከ ደወሉ ድረስ ተጽፏል። ልጆቹ የሚሮጡባት መንገድ ግን አልተጻፈችም። ያልተጻፈ ንብረት ሲወሰድ ደግሞ ጠፋ ብሎ የሚያመለክት አይገኝም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የማቀርብላችሁ ልመና አንድ ነው። ወደ ትምህርት ቤታችሁ ስትመለሱ ከተማሪዎቻችሁ ጋር መንገዲቱን ለክታችሁ ካርታዋን ሳሉ። የመሬቱን ባለቤትና የቀበሌውን ሹም አነጋግራችሁ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያም በንብረት መዝገቡ ላይ፥ ከደወሉ ቀጥሎ፥ «የሩጫ መንገድ፥ ርዝመቱ ይህን ያህል ሜትር» ብላችሁ ጻፉ። እናንተም ክቡራን ሹማምንት፥ ትምህርት ቤት ልትጐበኙ ስትመጡ የክፍሉን ብዛት እንደምትጠይቁ ሁሉ፥ ልጆቹ የሚሮጡት የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። የተጠየቀ መምህር ይዘጋጃል፤ የተመዘገበ መንገድም ጠባቂ ያገኛል።